ማብራሪያ የሌለው ፕሮግራም

በዩኒቨርሲቲው የታሪክና የማኅበረሰብ ጥናት ተመራማሪዎችን በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያግዝ አንድ ክፍል አለ። የክፍሉን አንጋፋ ባለሙያ ሁሉም «ቁልፉ» ይለዋል፤ ያለ እሱ የሚከፈት ነገር የለማ! ቅጽል ስሙን ወዶታል። ከሁሉም የሚወደው ግን የታሪክ ፕሮፌሰሯ «ልጄ» ሲሉት ነው። ለእሳቸው የሠራላቸው ፕሮግራም ከድሮ የፍርድ ቤት መዛግብት ውስጥ ማን ለማን እንደመሰከረ ለቅሞ ያወጣል። ስንት ዓመት አብረው ለፍተውበታል።

ከዚያ አንዲት አዲስ ባለሙያ ተቀጠረች። ብዙም ሳትቆይ ፕሮፌሰሯ ወንበራቸውን ወደ እሷ ጠረጴዛ አስጠጉ። አንድ ጠዋት ደግሞ «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ» ሲሏት ሰማ። «እኔ የሰው እናት አልቀማሁ፣ ምነው የእኔን ቀሙኝ?» እያለ ሲብከነከን ዋለ።

ቅናት መቼም መካሪ አያጣም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በየመስመሩ አጠገብ «ይህ ይህን ይሠራል» የሚል ማብራሪያ ያሰፍራል፤ ኋላ የሚመጣው እንዳይደናበር ነው። ቁልፉ ማብራሪያዎቹን ከነቀድሞ ቅጂያቸው ጠራርጎ አጠፋ። «ምስክር»፣ «ከሳሽ» የሚሉትን ስያሜዎችም በነጠላ ፊደል ተካቸው። እንግዲህ ትግባበት! ጉድጓድ አርቀህ አትቆፍር የተባለው ለእንዲህ ያለው ነበር፤ ግን ማን ሰምቶ።

ፕሮፌሰሯ ጥናታቸውን ለጉባኤ ሊያቀርቡ ሲሰናዱ ፕሮግራሙ የመበለቶችን ምስክርነት መዝለል ጀመረ። የጥናታቸው ጉዳይ ደግሞ መበለቶቹ ናቸው።

«በሞቴ ድረስልኝ! ነገ ምን ይዤ እቆማለሁ?» አሉት።

ቁልፉ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ። ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። የገዛ እጁ ሥራ ባዳ ሆነበት።

አዲሷ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ይቺ ቀ ያልካት ምንድን ናት?»

«እኔንጃ።»

«እሺ፣ የት የት እንደምትገባ እንከተላት።»

እሷ እየጠየቀች፣ እሱ እየተንተባተበ ቆዩና በመጨረሻ እሷ አገኘችው። ስያሜ ሲቀያይር አንዷን ፊደል ለሟችም ለመበለትም ሰጥቷት ኖሯል። ፕሮግራሙ ሴቶቹን ከሞቱት ባሎቻቸው ጋር ደምሮ ያልፋቸው ነበር። አዲሷ ማን ለምን እንዳደረገው ገባት፤ እሱም እንደገባት አወቀ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ፕሮፌሰሯ መጡ። «ተገኘ? ማን አገኘው?»

«ጋሼ ነው» አለች።

«ድሮስ! እኔ መች አጣሁት!» ብለው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት።

«እሷ ናት» ማለት ነበረበት፤ አላለም። ሲመኘው የከረመውን ምስጋና ይዞ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ያንገበገበው የፕሮፌሰሯ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለ ውሸት ለሰው ብሎ ከእሱ አፍ መቼም እንደማይወጣ ያውቃል፤ አሁን የቀናው በደግነቷ ነበር።