ለዶሮዎቹ እሺ፣ ለገንዳው እምቢ

«ግብሩ ከጸደቀ መዋኛ ገንዳው ውስጥ ውሻም ይዋኛል አሉ» አለ ኦሪን፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

«ማን አለ?» አለች ሚስቱ ቨርና እንቁላሉን እየገለበጠች።

«ዴል ነዋ፣ የመኖ ሱቁ።»

«ዴል ባለፈው ምርጫም ቤተ መጻሕፍቱ ቁማር ቤት ይሆናል ብሎህ ነበር። ሄደህ ተጫወትክ?»

ኦሪን ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ግን አጥር ተደግፎ ይችኑ የውሻ ወሬ ለጎረቤት ሲያወራ በመስኮት ሰማችው።

ቨርና ለምርጫ እንቅልፍ የምታጣ ሴት አይደለችም። እንደ አሜሪካዋ ኦሪጎን ሰው ሁሉ የድምጽ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ እቤቷ ድረስ ይመጣላታል፤ አንድ እሁድ ከባሏ ጋር ጠረጴዛ ከብበው ይሞሉታል፣ በየስማቸው በመጣው መመለሻ ፖስታ ላይ ፈርመው ይልኩታል፤ በቃ። የምክር ቤት ተወዳዳሪዎችን የምትመርጠው ፎቷቸው ላይ ባለው ፈገግታ ነው። ዘንድሮ ግን አንድ ጉዳይ አንገብግቧታል፦ የከተማዋ መዋኛ። ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ ሳታነክስ የምትንቀሳቀሰው ውሃ ውስጥ ብቻ ነው። ለማስኬጃው ለሕዝብ ድምጽ የቀረበው ግብር ካልጸደቀ ደግሞ ገንዳው ይዘጋል።

ምርጫው ማክሰኞ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ውጤቱን ለማየት ስልኳን ከፈተች። በጓሮ ስድስት ዶሮ ማርባት፣ በሰፊው ጸደቀ። የመንገድ መብራት፣ ጸደቀ። ገንዳው በአስራ አንድ ድምጽ ወደ ኋላ። ዘግይተው የደረሱት ፖስታዎች ሲቆጠሩ ልዩነቱ አምስት ሆነ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ በመጨረሻ አንድ። እዚያው ቆመ። በድጋሚ ተቆጠረ፤ ያው አንድ።

«ይህች ከተማ ለዶሮ አዝና በእኔ ጉልበት ጨከነች!» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «አንድ ድምጽ፣ ኦሪን። የማን እንደሆነች ልንገርህ?»

«እኔ ለገንዳው ነው የመረጥኩት!»

«ከነውሻው?»

«ወሬ ማውራትና መምረጥ አንድ ነው እንዴ? ደረጃ ስትወጪ የምትቃትቺውን የምሰማው እኔ አይደለሁም?»

አላመነችውም። ለሳምንታት «ጨው አቀብለኝ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። በዚህ መሃል ገንዳው ደረቀ፤ የጭነት መኪናዎች መጥተው አፈር ሞሉበት።

ኦሪን በምርጫ ሰሞን የሚመጣ ፖስታ ሁሉ ቅስቀሳ ነው ብሎ ያምናል፤ ሳይከፍት ምድጃው አጠገብ ካለ ካርቶን ይወረውረዋል። አንድ ብርዳማ ጠዋት ቨርና እሳት ልትለኩስ እጇን ስትሰድ ሁለት ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች አወጣች፤ አንዱ በስሟ፣ አንዱ በስሙ። ከአውራጃው ምርጫ ቢሮ ናቸው። በእሷ የድምጽ መመለሻ ፖስታ ላይ የሰፈረው ፊርማ የእሷ አይደለም፣ በእሱም ላይ የሰፈረው የእሱ አይደለም ይላሉ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልተስተካከለ የሁለቱም ድምጽ አይቆጠርም። ቀኑ ካለፈ አስራ ሁለት ቀን ሆኖታል።

ደብዳቤዎቹን ደጋግማ አነበበች። የባሏም የእሷም ወረቀት ሳይከፈት ነው የቀረው። ገንዳው የወደቀው ደግሞ በአንድ ድምጽ ነው።

«ኦሪን!» ብላ ጮኸች። «ያን እሁድ የትኛው ፖስታ ላይ ነው የፈረምከው?»

ከጓዳ ብቅ አለ። የዶሮ ቤት የሚሠራበት ጣውላ በብብቱ ይዟል።

«አንቺ ያቀበልሽኝ ላይ።»