ሰባት ቁጥር ወንበር

ትርኢቱ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የኦዲልን እናት ከወንበሯ አስነሷት።

ኦዲል አላየችም። ከመጋረጃው ጀርባ ተንበርክካ የቬሎውን ጫፍ እያስተካከለች ነበር። የነገረቻት የስፌት ክፍሉ ኃላፊ ማዳም ቪዳል ናት።

"እናትሽ ኮሪደር ላይ ናት፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ። ወንበር ሰጥተናታል፣ አትጨነቂ።"

"ወንበርማ ነበራት።"

"አውቃለሁ።"

"ሰባት ቁጥር። ስሟ ተጽፎበት።"

"አውቃለሁ አልኩሽ። አሁን ሥራሽን ሥሪ።"

ዘንድሮ ፋሽን ቤቱ በሬን ለሁሉም እከፍታለሁ ብሎ በመላው ፓሪስ አስወርቶ ነበር። ግብዣ ደርሷቸው የማያውቅ አርባ ሰዎች፣ ፊት ረድፍ፣ ከታዋቂዎቹ ጎን ይቀመጣሉ ተባለ። ነርስ፣ ተማሪ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ በዕጣ። አንዷን ወንበር ደግሞ ለጡረተኛ ልብስ ሰፊ ብለው ለሶላንዥ፣ ለኦዲል እናት ሰጧት።

ሶላንዥ እዚያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሰፍታለች። አንድም ትርኢት አላየችም። ሰፊዎች አያዩም። ልብሱን ሰው በሚያህል አሻንጉሊት ላይ ወጥረው ይሰፉታል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ለሞዴሏ ያለብሷታል፣ ስትሄድ ጀርባዋን ያያሉ። አለቀ።

አሁን ግራ ዓይኗ ጠፍቷል። ቀኙን ሐኪሙ እስከ ገና ከቆየልሽ ጥሩ ነው ብሏታል። ለሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር የለም።

"ምን አጠፋች?" አለች ኦዲል።

"ምንም። ጋዋን ለብሳ መጣች።"

የኦዲል እጅ ቆመ።

በሶላንዥ ጊዜ ሰፊ ከአራተኛ ፎቅ የስፌት ክፍል ደንበኞች ወዳሉበት ስትወርድ የተተኮሰ ነጭ ጋዋን ትለብስ ነበር። ከዚያ የበለጠ የክብር ልብስ አልነበራቸውም። ዛሬ ጠዋት እናቷ ስትተኩሰው ኦዲል በር ላይ ቆማ አይታታለች። ክሳዱን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው። ኦዲል ተይው ልትላት ነበር። ደስታዋን አየችና ተወችው።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ማዳም ቪዳል ነገረቻት። አንዲት ተዋናይ እህቷን ይዛ መጣች። ለእህትየው ወንበር አልነበረም። አስተናጋጁ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ፤ ነጭ ጋዋን አየ። "እማማ፣ ሠራተኛ ከኋላ ነው" አላት። ተነሳች።

"ፎቶ አንስተዋት ነበር?" አለች ኦዲል።

ማዳም ቪዳል ስልኳን አሳየቻት። ሶላንዥ ሰባት ቁጥር ላይ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ እየሳቀች። ከሥሩ "በራችን ክፍት ነው" ይላል። ዘጠኝ ሺህ ሰው ወዶታል።

ኦዲል በግራ በኩል ባለው በር ወጣች።

ሶላንዥ ከእሳት ማጥፊያው ሥር ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

"እማዬ።"

"ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ቬሎው ተዘጋ?"

"ለምን እንግዳ ነኝ አላልሽውም?"

"ሠራተኛ ነሽ ወይ አለኝ። ነኝ አልኩት። ልዋሽ?"

"እዚህ ሆነሽ ምንም አይታይሽም።"

"የሽንት ቤቱ ወረፋ ይታየኛል። አሁን አንዷ ያለፈችው፣ ያን የሚያህል ተረከዝ አድርጋ እንዴት እንደምትቀመጥ እንጃላት።"

ኦዲል አልሳቀችም። "ነይ፣ መጋረጃው ጋ ላስቀምጥሽ።"

"ጀርባውን አውቀዋለሁ፣ ኦዲል። ሠላሳ አራት ዓመት ጀርባውን አይቻለሁ። እኔ የፈለግኩት ፊቱን ነበር። ወደ እኔ ሲመጣ።" ደህናውን ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። "ሂጂ በቃ። ልብሱ ምን አጠፋ?"

ኦዲል ተመለሰች።

"ሰባት ቁጥር ላይ ያለችውን ሴትዮ አስነሷት" አለች።

"የተዋናይቱን እህት? ካሜራው ሁሉ እዚያ ነው። አብደሻል?"

"እንግዲያው አልሰፋም።"

"ትሰፊያለሽ። ኮንትራትሽ ሰኞ ይታደሳል። ወይ አይታደስም።" ማዳም ቪዳል ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔም እናት ነበረችኝ እኮ።"

"እሷንም ሽንት ቤት በር ላይ አስቀመጥሻት?"

ቬሎውን የለበሰችው ሞዴል ኢልከ ሳቋ አመለጣት። ማዳም ቪዳል ዞር ብላ ስታያት ትንፋሿን ዋጠች።

ሙዚቃው ተጀመረ። ሞዴሎቹ አንድ በአንድ በመጋረጃው ወጡ። ሙሽራዋ ኢልከ መጨረሻ ናት። ቬሎው ዚፕ የለውም፤ ከወገብ እስከ ማጅራት እላይዋ ላይ ይሰፋል፣ ስትመለስ በመቀስ ይቀደዳል። መድረክ ላይ የሚወጣው አንዴ ብቻ ነው። ስድስት ሰው አምስት ወር የሠራው ልብስ ነው። ኦዲል መርፌዋን አነሳች።

"ኮሪደሩ ላይ ያለችው እናትሽ ናት?" አለች ኢልከ በሹክሹክታ።

"አትንቀሳቀሺ።"

"ቅድም፣ ቬሎውን ከመልበሴ በፊት፣ ሳልፍ ተቆጣችኝ። 'ትከሻሽን ልቀቂው፣ ልብስ ነው እንጂ ጆንያ አልተሸከምሽም' አለችኝ።"

"እውነቷን ነው። ልቀቂው።"

ኢልከ ትከሻዋን ለቀቀች። ስፌቱ ማጅራቷ ጋ ደረሰ። ኦዲል ክሩን ቋጠረችና በጥርሷ በጠሰችው።

"ሙሽራዋ!" ማዳም ቪዳል መጋረጃውን ገልጣ ይዛለች። ከወዲያ ብርሃኑ ነጭ ነው፣ መድረኩ ባዶ ነው። "ነይ! ነይ እንጂ!"

መጋረጃው በቀኝ ነው፣ የኮሪደሩ በር በግራ።

ኦዲል ኢልከን በክንዷ ያዘችና ወደ ግራ አዞረቻት።