ከተቀያሪ ወንበር የሚታየው

...መካከለኛ አለችው እንጂ መካከለኛ እንኳ አልነበረም፣ ጨዋ ልጅ ናት ጸደንያ፣ የሬዲዮዋ፣ ባለፈው ሳምንት ደውላ አሰልጣኝ አምሐ፣ በተጫዋችነት ዘመንዎ ብዙም አይታወቁም፣ አሁን ግን ሁለት ቡድን ወደ ፕሪሚየር ሊግ አሳድገዋል፣ ለመሆኑ ከመካከለኛ ተጫዋች ጥሩ አሰልጣኝ የሚወጣው ለምን ይመስልዎታል አለችው፣ እሱም እንጃ ብሎ ስልኩን ዘጋ፣ ጥያቄው ግን አልተዘጋም፣ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ውስጥ፣ ምሳ ላይ፣ አሁን ደግሞ እዚህ ለቡ፣ ሜዳው ዳር ቆሞ፣ ለምን ይሆን? ዘጠኝ ዓመት ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። ጃኬት ነበር የሚሉት። ከፊሽካ እስከ ፊሽካ ጃኬቱን ስለማያወልቅ።

ስሙን ያወጣለት ደግሞ ያውና፣ ሜዳው መሀል ቦርጩን አስቀድሞ ቆሟል፣ ማሞ፣ የዚያን ጊዜው አሥር ቁጥር፣ ሰው ሥራ ጥሎ ሊያየው ይመጣ የነበረው ማሞ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ቡድን አሰልጥኖ ከሦስቱም የተባረረው ማሞ፣ ትናንት መጥቶ ረዳትህ አድርገኝ አለ፣ መለመን አያውቅበትም፣ ውሃ አቀብለኝ እንደሚል ሰው ነው ያለው፣ ከእሱ በፊት ግን ሚስቱ ፀሐይወርቅ ደውላ ነበር፣ ወንድሜ፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥኑን እየተሳደበ ሊያልቅብኝ ነው፣ ወደ ሜዳ መልስልኝ፣ እንዳልነገርኩህ ሁን። አምሐም ለማሞ ነገ ና አለው፣ ሁንዴሳ የሚባል ግራ ተመላላሽ አለኝ፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሯጭ ነው፣ ረጅም ኳስ በግራ እግሩ ማቆም ግን አይችልም፣ እሱን አስተምርልኝ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ። አራት ሰዓት ላይ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ጋሽ ሲራክ የረዳቱን ስም ሊወስዱ ይመጣሉ። አሁን ሦስት ተኩል ሆኗል።

በረኛው ሃምዛ ከሩቅ ይለጋል፣ ኳሱ ከአዲሶቹ ሕንፃዎች በላይ ወጥቶ ይወርዳል፣ ማሞ ግራ እግሩን ይሰጠዋል፣ ጸጥ፣ እንቁላል ሰፌድ ላይ እንደማስቀመጥ፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በዚያ ቦርጭ፣ ወይ መታደል። እንደዚህ፣ ይላል ማሞ። ሁንዴሳ ይሞክራል፣ ኳሱ ነጥሮ ከመስመር ይወጣል። እንደዚህ እኮ ነው፣ አየህ? አየሁ ጋሼ። ታዲያ? ይሞክራል፣ ይነጥራል። አንተ፣ ኳስ ነው የመጣብህ ወይስ ውሻ? ልጆቹ ይስቃሉ፣ ሁንዴሳም ይስቃል፣ ያቺን ሳቅ አምሐ ያውቃታል፣ ሲሰድቡት አብሮ የሚስቅ ሰው ሳቅ፣ አንድ ቀን መልበሻ ክፍል ውስጥ ማሞ፣ ጃኬት ከሚገባ በአሥር ሰው ብንጫወት ይሻለናል ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ እሱም ሳቀ። ከሁሉም ጮክ ብሎ።

ለምን ይሆን? ወንበሩ ነው እንዳይል፣ አብረውት ወንበሩን ያሞቁ ሦስት ነበሩ፣ አንዱ ከጎፋ ሜክሲኮ ታክሲ ይነዳል፣ አንዱ ዱባይ ገብቶ ቀረ፣ ሦስተኛው፣ ሚሳኤል፣ ሰባኪ ሆነ፣ እሱስ ቢያንስ ጮኾ ሰው ያስነሳል። ችግር ነው እንዳይል፣ ችግር አሰልጣኝ የሚያደርግ ቢሆን የዚያን ጊዜ ጎፋ በሙሉ አሰልጣኝ ነበር። እሱ ራሱ ከልምምድ በፊት ድንጋይ ይሸከም ነበር፣ እዚሁ ለቡ፣ ለሰው ቤት መሠረት፣ አባቱ ከሞተ በኋላ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ። ይሸከም ነበር፣ በቃ። ከዚያ የተረፈው የወገብ ሕመም ነው።

ታዲያ ምንድን ነው፣ ምናልባት አሰልጣኝ ቶሌራ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ሲያዛጋ አይተው፣ አንተ፣ መቼም መቀመጥህ ካልቀረ ማሞን እይልኝ፣ ኳሱ ሳይደርሰው የት እንደሚያቀብል ገምት አሉት፣ ጨዋታ መሰለው፣ ገመተ፣ ሳተ፣ ዓመት ሙሉ ሳተ፣ በሁለተኛው ዓመት ከአሥሩ አራቱን አገኘ፣ በአራተኛው ስምንቱን፣ ኳሱን ማየት ትቶ ማሞን ማየት ጀመረ፣ ትከሻውን፣ አንገቱን፣ ተረከዙን፣ ሰው ሰውን እንደዚያ አያይም፣ ፀሐይወርቅ እንኳ ባሏን እንደዚያ አይታው አታውቅም። ከዚያ ጎፋ ተመልሶ ያየውን የጎረቤቱ የእትዬ ገበያነሽ ግድግዳ ላይ ይሞክራል፣ እግሩ እምቢ ይላል፣ እምቢ ሲል እንቅስቃሴውን ይቆራርጠዋል፣ ይህን ሳምንት ተረከዝ ብቻ፣ የሚቀጥለውን ጉልበት ብቻ፣ አንተ የማትረባ፣ ግድግዳዬ በረኛ ነው እንዴ፣ ይላሉ እትዬ ገበያነሽ ከውስጥ። ቁራጩን ሁሉ ዐወቀው። ገጣጥሞ መጫወት ግን አልሆነለትም፣ እሱ ሲያስብ ኳሱ አልፎ ይሄዳል።

ይሄ ይሆን? ሳይለፋ ያገኘውን ማን ያስረዳል፣ መተንፈስን ለማን ታስተምራለህ፣ እንዴት እንደምትተነፍስ ካልጠፋብህ በቀር። መልስ ይመስላል። ለጸደንያ ግን አይነገርም፣ ምክንያቱም የአምሐ አጨዋወት እያሉ የሚጽፉለት፣ ልጆቹ ኳስ የሚቀበሉበት ያ መንገድ፣ የአምሐ አይደለም። የማሞ ነው። ከትከሻው እስከ ተረከዙ። ማንም አያውቅም፣ ማሞ ራሱ አያውቅም፣ ራሱን አይቶ አያውቅማ፣ የዚያን ጊዜ ማን ቀረጸው፣ ትናንት የልጆቹን ልምምድ ቆሞ አይቶ ደስ ይላሉ፣ ከማን ወስደኸው ነው አለ፣ ከብዙ ሰው አለ አምሐ። ዋሸ። ረዳት ሆኖ በየቀኑ አጠገቡ ከቆመ ግን አንድ ቀን ይደርስበታል፣ ያኔ ለአምሐ ምን ይቀርለታል? እምቢ ቢለውስ። ሁንዴሳን አላስተማርከውም፣ ይቅርታ፣ ብሎ ቢያሰናብተው፣ እውነትም አላስተማረውም፣ ማንም አይፈርድበትም።

የጋሽ ሲራክ መኪና በሩ ላይ ክላክስ ታደርጋለች።

ማሞ ሁንዴሳን ትቶታል። ብቻውን ኳሱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ በግራ ያቆማል፣ ይወረውራል፣ ያቆማል፣ እግሩን የሌላ ሰው እግር ይመስል ያየዋል። ከዚያ ወደ መስመሩ ይመጣል። አምሐ፣ ይላል፣ ድምፁ ውስጥ ቀልድ የለም፣ ለልጁ የምለው ጠፋኝ፣ ቆይ እኔ ግን ምንድን ነው የማደርገው?

ዝም ማለት ይቻላል። ዝም ማለት ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ነው፣ ተሰጥኦ ነው ብሎ ትከሻ መነቅነቅ፣ ሰውየው ያምናል፣ ይሄዳል፣ ቴሌቪዥኑን ይሳደባል። ግን እንዴት ያለ ጥያቄ ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ መልሱን ይዞ ጠያቂ ያጣበት፣ አፉ ከራሱ ቀድሞ ይናገራል፣ ግራ ተረከዝህን ታነሳለህ። ኳሱ ሲደርስ? ከመድረሱ በፊት፣ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ታያለህ፣ ሁለተኛው ለማታለል ነው፣ ከዚያ ተረከዝህ ይነሳል፣ ጉልበትህን ትለቀዋለህ፣ ትንፋሽህን ታወጣለህ፣ ኳሱ ሲነካህ እግርህ አብሮት ወደ ኋላ ይሸሻል።

ሃምዛ፣ ላክ! ይላል ማሞ። ያያል፣ ያያል፣ ተረከዙን ያነሳል፣ ኳሱ ወርዶ ጉልበቱን መትቶ ይነጥራል፣ እንደ ሁንዴሳ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወይኔ፣ አበላሸኸኝ፣ ይላል ማሞ፣ አይስቅም፣ ይሄን ከየት አወቅኸው?

ካንተ።

ማሞ ዞሮ ልጆቹን ያያል፣ ወዲያ ማዶ ክብ ሠርተው የሚቀባበሉትን፣ አንዱን፣ ሌላውን፣ እግራቸውን፣ ረጅም ጊዜ ያያል፣ አምሐ እጁን ኪሱ ከትቶ ይጠብቃል፣ ስድብ ይሁን፣ ሳቅ ይሁን፣ ደግሞ እኮ ማወቅ ይፈልጋል፣ ይህ ሰው ራሱን ከውጭ ሲያየው ምን ይላል? አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል። እና ያኔ ለምን አልነገርከኝም? አልጠየቅከኝም። እውነትህን ነው፣ ይላል ማሞ፣ አልጠየቅኩህም።

ኮች፣ ስሙን! ጋሽ ሲራክ ወረቀት ይዘው በመስመሩ በኩል ይመጣሉ። ማሞ ወደ ሁንዴሳ ተመልሷል፣ ቦርጩ እያስቸገረው ቁጢጥ ይላል፣ የልጁን እግር በእጁ ይይዛል፣ ይህቺን፣ ይላል፣ ይህቺን ቀድመህ፣ አይ፣ እኔን አትመልከት፣ እኔን ተወኝ፣ እዚህ ጋ ምን ይሰማሃል፣ ንገረኝ። አምሐ ትንሽ ቆሞ ያዳምጣል። ከዚያ ወደ ጋሽ ሲራክ ይሄድና እስክሪብቶውን ይቀበላቸዋል፣ እኔው ልጻፈው፣ ይላል፣ የማሞን ስም ከነአባቱ ይጽፈዋል።