የጎደሉት ሁለት ሌሊቶች

"ቦርሳውን ልያዝልዎ እናቴ" አለ በሩ ላይ የቆመው ባለ ነጭ ጓንት ሰውዬ፣ እጁን ዘርግቶ።

መጋረጃ ሰፊዋ ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ጎኗ ሸጎጥ አደረገችው። "ከብዶኛል አልኩህ?"

"ኧረ አላሉም። ሥራዬ ስለሆነ ነው።"

"ሥራህ ከሆነ በሩን ያዝልኝ። እሱ ይከብዳል።"

ሰውዬው ሳቁን ዋጥ አድርጎ በሩን ያዘላት። ገባች። ወለሉ ከማብረቅረቁ የተነሳ የገዛ ጫማዋን ከሥር ገልብጦ ያሳያታል፤ የረገጠችው ሰው ያለ ይመስል እየተጠነቀቀች ሄደች።

ሠላሳ አንድ ዓመት መጋረጃና የአልጋ ልብስ ሰፍታለች። ሱቋ የቤቷ የፊት ክፍል ነው፤ በሩን ስትከፍተው ሱቅ፣ ስትዘጋው ቤት ይሆናል። የሰፈሩ ሰው "ድርቤ" ይላታል፣ አንድ ስፌት በቂ በሆነበት ሁሉ ሁለት ካልደረበች እንቅልፍ ስለማይወስዳት። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ እኮ የሬሳ ሳጥኔንም ጨርቅ ሳትደርቢ አትለቂኝም" ይላት ነበር። እውነቱን ነው፣ አልለቀቀችውም።

ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ያንን ቤት ልትሸጥ ትፈርማለች። ገዢው ተገኝቷል፣ ወረቀቱ አልቋል። ከዚያ ወዲያ የስምንት ሰዓት መንገድ ተጉዛ ልጇ ዘንድ ልትኖር ነው። አንድ ልጅ ነው ያላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌት ተቀን "ብቻሽን አትኖሪም" እያለ ሲወተውታት፣ በግትርነቷ የታወቀችው ሴት በስምንተኛው ወር እጇን ሰጠች። ዛሬ ደግሞ፣ የመጨረሻዋን ሌሊት በተጠቀለለ ዕቃ መሃል አታድሪም ብሎ ወደዚህ ሆቴል ላካት። ምን አስከፈለህ ብትለው ሳቀ። ምንም አልከፈለም። ብዙ ሌሊት ላደረ ሰው ሆቴሉ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም ደረጃ ይሆናል፣ ደረጃው ወርቅ ሲደርስ ሰፊ ክፍል፣ ፍራፍሬ፣ ነፃ ቁርስና እሱ ብቻ የሚገባበት ማረፊያ አለው። ነገሩ ለእሷ አልከበዳትም። እሷም አሥር መጋረጃ ላሰፋ ሰው አሥራ አንደኛውን በነፃ ትቀመቅም የለም? መሥሪያ ቤቱ በየከተማው ሲያዞረው ያጠራቀመው መሆኑን አሰበችና ደስ አላት።

እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ፈገግታዋ ፊቷን ሞልቶት ነበር። ኮምፒውተሩን አየት አድርጋ "ልጅዎ እኮ ቤተሰባችን ነው" አለች። "ካለፈው ዓመት ወዲህ እዚህ ያደረው አርባ ሌሊት ሊሞላ ነው።"

"እዚህ? ሌላ ከተማ ያለው ሆቴላችሁ ይሆናል።"

"አይ እናቴ፣ እዚሁ። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንድ የሚወደው ክፍል አለው። ለእርስዎም እሱኑ ነው ያዘዘልዎ።"

ሰፊዋ ቁልፍ ነው የተባለውን ካርድ ተቀበለች። ከዚህ እስከ ቤቷ በእግር ቢያዘግሙ ግማሽ ሰዓት ነው። ልጇ በነዚያ ወራት ደጇን የረገጠው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለአባቱ ቀብር፣ አንዴ ለቤቱ ሽያጭ። በስልክ ግን ሁልጊዜ ሩቅ ነው። "ወደ አንቺ የሚያመጣኝ ሥራ አጣሁ እማዬ" ነው የሚላት።

በሊፍቱ ውስጥ ሆና ሰበብ ትፈልግለት ጀመር። አምሽቶ ገብቶ ማልዶ የሚወጣ ከሆነስ? አለቃው አብሮት ከሆነስ? የእናት ነገር፣ ቀዳዳ ስታይ እጇ መርፌ ፍለጋ ይሄዳል። ዘጠነኛ ፎቅ እስክትደርስ ጥሩ አድርጋ ጠግናው ነበር።

ክፍሉ ሱቋና መኝታዋ ቢደመሩ ይበልጣቸዋል። በጠረጴዛው ላይ ፍሬ በሳህን ተደርድሮ ግልጽ ላስቲክ ለብሷል፤ አጠገቡ አንድ ወረቀት አለ። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ንባብ ላይ እንደ ቁጥር አይደለችም። "ውድ ታማኝ ደንበኛችን" ይላል። ታማኝ ከምትለው ቃል ላይ ጣቷ ትንሽ ቆየና አለፈ። አልጋው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ ገለበጠች። በነጠላ ክር የተቀመቀመ ነው፣ እሱም መፈታት ጀምሯል። ይህን የሚያህል ሆቴል፣ አለች በሆዷ፣ ጠርዙን ማንም አያይም ብለው።

በሩ ተንኳኳ። ክፍል አጽጂዋ ነበረች፤ ወደ ሃምሳ የሚጠጋት፣ ወገቧን በእጇ ደገፍ የምታደርግ ሴት። በክንዷ አንድ ትራስ ታቅፋለች።

"ይቅርታ እትዬ፣ ሦስተኛውን ትራስ ሳላመጣ ቀርቼ ነው። ይህ ክፍል በሦስት ትራስ ይዘጋጅ ተብሎ ተጽፏል።"

"ለማን?"

"ለባለ ሦስት ትራሱ ነዋ። እኛ እንደዚያ ነው የምንለው።" ከዚያ ፊቷን አተኩራ አየቻት። "እናቱ ነዎት እንዴ? አፍንጫው ቁርጥ እርስዎን።"

ነኝ አለቻት። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ትራሱን እየደበደበች ወሬውን ለቀቀችው። ልጅዎ ጨዋ ነው፣ አንሶላ አያቆሽሽም፣ ሲወጣ አመሰግናለሁ ሳይል አይወጣም አለች። ደግሞ ለቤቱ ታማኝ ነው። የአምናውን እንኳ አትረሳውም። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሆቴሉ ለደረጃቸው የሚቆጠር ሌሊት ጎድሎባቸው ሊሞሉ በሚመጡ ሰዎች ይሞላል። ሻንጣ አይፈቱም፣ ሥራ የላቸውም፣ ተኝተው ቆጥረው ይሄዳሉ። እሱም ሁለት ጎድሎት መጣ።

"የመጀመሪያውን ቀን ጭራሽ ከክፍሉ አልወጣ። አትረብሹኝ የሚለውን በሩ ላይ ሰቀለ። እኔማ ታመመ ብዬ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ጥቁር ሙሉ ልብስ ይዞ ወጣና ተኩሺልኝ አለኝ። ሠርግ አለብህ ስለው ፊቱን አዞረ። እንዴት አድርጌ ተኮስኩለት መሰለዎት፣ መስመሩ እንደ ምላጭ። ማታ ተመልሶ መጥቶ አደረ።"

ሰፊዋ የትራሱን ጫፍ ይዛ ቀረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ዛሬ ግን ባዳው ጆሮ ገና አሁን ቤቱ ገባ።

ባሏ የሞተው ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፣ ሊነጋጋ ሲል። ለልጇ የደወለችለት ራሷ ናት። "አሁኑኑ ተነሳሁ" አላት። የደረሰው ግን በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሬሳው ሊወጣ ሲል ነው። ሌሊቱን ስጓዝ አደርኩ አለ። ከቀብር መልስ እሷ የተኙትን ዘመዶች አስነስታ፣ "መንገድ አድክሞታል፣ ዝም በሉት" ብላ አልጋ አስለቅቃለታለች። አመሻሽ ላይ መኪና ያመልጠኛል ብሎ ሄደ። ያንን ኮት አስታወሰችው። ሌሊቱን በመንገድ ያደረ ሰው ኮቱ ላይ አንድ መጨማደድ አልነበረም። የሰው ፊት ሳታይ የልብሱን ቅድ የምታይ ሴት፣ ያን ቀን ምን ጋረዳት?

ክፍል አጽጂዋ ፊቷን አይታ ውሃ ላምጣልዎ አለቻት። አይ፣ ደህና ነኝ፣ አንቺም ወገብሽን አሳርፊው ብላ ሸኘቻት።

ልጇ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ፣ የውሉን ወረቀት በፕላስቲክ ማኅደር ይዞ። ገና ሳይቀመጥ ስለ ሻወሩ ጠየቃት፣ ስለ ማረፊያው ነገራት፤ ላይኛው ፎቅ ወጥተው ከተማውን ቁልቁል እያዩ ሻይ እንደሚጠጡ፣ ለእሱ ሁሉም ነገር በነፃ እንደሆነ። እሷም እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

"ያን ቀን ኮትህን ማን ነው የተኮሰልህ?" አለችው።

"የቱን ቀን?"

"አባትህን የቀበርን ቀን።"

ማኅደሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። ቀስ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲያፍር ግን እንደ ልጅነቱ አውራ ጣቱን በጡጫው ውስጥ ይደብቃል።

"ስትደውዪልኝ ሌሊቱን ተጉዤ እዚህ ገና መግባቴ ነበር" አለ። "ጫማዬን አጥልቄ ነበር እማዬ። በሩ ድረስ ሄጄ እግሬ እምቢ አለኝ። እዚያ ቤት ከገባሁ አባቴ ሞቷል ማለት ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ማንም አልሞተም።"

 እሷም ያን ማለዳ ትንፋሹ ካቆመ በኋላ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሸፍናው፣ ሰው ሳትጠራ ብዙ ተቀምጣለች። ይገባታል። እጇ ሳታዘው ወደ ራሱ ሄደ። ይቅር ልትለው ምንም አልቀራትም ነበር፣ አንዲት ጥያቄ ባትቀር።

"እሺ። ሁለተኛውስ ሌሊት?"

"የቱ?"

"ከቀብር በኋላ። መኪና ያመልጠኛል ብለህ የሄድክበት።"

አውራ ጣቱን እንደገና በጡጫው ውስጥ ከተተ። 

"ሁለት ነበር የጎደለኝ" አለ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ። "አንዱ ብቻውን አይበቃም። ሌሊቱ ካልሞላ ደረጃው ይወርዳል፣ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ደግሞ አንቺ ዘንድ ሰው ሞልቶ ነበር።"

"ሞልቶ ነበር። ሲመሽ ሄዱ። ዘመዶችህንም አንተን ላስተኛ ብዬ ያስነሳኋቸው ጊዜ ተቀይመው ጎረቤት ሄደው አደሩ።" ድምጿ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "መብራት ሳላጠፋ ስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ ነው ያደርኩት።"

"አላወቅኩም።"

"እንዴት ታውቃለህ።"

ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ያለፈው አልፏል አላት። ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼዋለሁ፣ ለስፌት መኪናሽ መስኮት ሥር ቦታ ለይቼልሻለሁ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ቤት ውስጥ ነን፣ ያኔ እክስሻለሁ አላት። ከልቡ ነው፤ ሲዋሽ አይኑን እንደማያርገበግብ አሁን ስላወቀች፣ ሲያርገበግብ አመነችው። ይወዳታል። ይህን መጠራጠር አልቻለችም።

"ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ እመጣለሁ" አለ ሰዓቱን አይቶ። ገዢው ቀጥሮት ነበር፤ ማታ ጓደኛው ዘንድ እንደሚያድር ነገራት። የቤቷ ቁልፍ በደረቷ ነው፣ ስጪኝና እዚያ ልደር አላላትም። ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶላት ግንባሯን ስሟት ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር ፍሬውን አየችው፣ አልነካችውም። ማኅደሩን ግን ከፈተች። የምትፈርምበት ቦታ በእርሳስ ተጠቁሞላታል። ቤት ሸጠው የልጅ እጅ ላይ የሚወድቁ እናቶች ብዙ ናቸው፣ ያለ ነገር ነው፣ መዋደድ ካለ ደግሞ ምን ችግር አለው። ግን አንድ ቀን እሷም መታመሟ አይቀርም። ያን ቀን ልጇ ክፉ ሆኖ ሳይሆን እንዲሁ፣ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ይጎድልበታል። የሚጎድል ነገር ደግሞ አይጠፋም። የጎደለውን ሊሞላ ሲሄድ እሷ ያለችው በሰው አገር፣ ቀለም በተቀባ ክፍል፣ የጎረቤቷን ስም እንኳ ሳታውቅ ነው። በገዛ ቤቷ ግን ያን ሌሊት ብታስነጥስ ምነው ብሎ ግድግዳ የሚመታላት ጎረቤት አለ።

ወረቀቶቹን መልሳ ማኅደሩን ዘጋች። ቦርሳዋን አንስታ ወረደች።

ውጭ ገና አልጨለመም። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ስታያት ደነገጠች። "ምነው እናቴ፣ ክፍሉ አልተመቸዎትም?"

"ተመችቶኛል። አንድ ነገር ንገሪኝ እስቲ። እኔ አሁን ወደ ቤቴ ብሄድ፣ ይህ ሌሊት ለልጄ ይቆጠርለታል?"

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገች። "አዎ። ቁልፍ ወስደው ክፍሉ ስለገቡ ይቆጠራል።"

"እንግዲያው ቁጠሩለት" አለችና ካርዱን ከነማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ ሊወስደኝ ይመጣል። ወረቀቱን ስጪው። አራት ሰዓት ላይ የምታደርሰው መጋረጃ አለባት በይልኝ፣ ቤቷ ናት።"

"አድራሻውን ልጻፍለት?"

"አያስፈልገውም" አለች ሰፊዋ። "ያውቀዋል።"