ከቡሬ የተሰማ ድምፅ

ሰርካለም ቡሬ ገበያ ዳር ባለችው የልብስ ስፌት ቤቷ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋች ሳለ ወንድሟ ስመኘው ደወለላት። ወደ ዐረብ አገር እሻገራለሁ ብሎ ከቤት ከወጣ ሁለት ወሩ ነበር።

"እታለም፣ ባሕር ላይ ነን። ሞተሩ ቆመ፤ ውኃ እየገባ ነው። አርባ ሦስት ነን።"

ከጀርባው ሕፃን ያለቅሳል።

"ለጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ደውዬ ነበር፤ ቋንቋ አልተግባባንም። ስልካቸውንና ያለንበትን ቁጥር ከስልኬ ካርታ ላይ ልኬልሻለሁ..."

መስመሩ ተቋረጠ።

ሰርካለም መቀሱን እንደያዘች ወደ ጎረቤቷ ወደ እማዋይሽ ሮጠች። እማዋይሽ ስምንት ዓመት ጅዳ ሠርታ የተመለሰች፣ ዐረብኛ የምትችል ሴት ናት። ወዲያው ደወለች። አንድ መኮንን በረጋ ድምፅ መለሰላት፦ ሕፃናት አሉ? ውኃው የት ደረሰ? የካርታውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስነበባት።

"አንዲት ቁጥር ከተሳሳትን የምንፈልጋቸው ሌላ ቦታ ነው" አለ።

ከዚያ በኋላ የስመኘው ስልክ አልሠራም። ሰርካለም ባሕር አይታ አታውቅም። የምታውቀው ክረምት ላይ የሚሞላውን የፈጠምን ወንዝ ነው፤ አጎቷን ከነበቅሎው ወስዶታል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መኮንኑ ራሱ ደወለ። የእማዋይሽ ፊት ተለወጠ።

"አግኝተዋቸዋል። ግን የጠባቂዎቹን የደንብ ልብስ አይተው ሊያስሩን ነው ብለው ሊዘሉ ነው። ባንድ ጎን ከተነሡ ጀልባዋ ትገለበጣለች። ስልኩን ከመርከቡ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቼዋለሁ፣ አናግሯቸው ይላል።"

"ወገኖቼ፣ ተቀመጡ! ሊያድኗችሁ ነው የመጡት!" ብላ እማዋይሽ ስልኩ ላይ ጮኸች።

ከወዲያ ጫጫታ ተሰማ፤ አንድ ከባድ ነገር ውኃ ላይ ወደቀ።

ሰርካለም ስልኩን ነጠቀቻት።

"ስመኘው! ሰርካለም ነኝ! በእናታችን በእናኑ ይዤሃለሁ፣ ቁጭ በል! ያጠገብህንም ያዘው!"

ገበያተኛው በሩ ላይ ተሰብስቦ ቆመ። ከስልኩ የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነበር። ቆይቶ መኮንኑ ወደ መርከቡ የሚወጡትን መቁጠር ጀመረ፤ እማዋይሽም በአማርኛ ተከተለችው። አርባ አንድ ላይ ቆመ።

"ሁለት ጎደሉ" አለች ሰርካለም።

ስልኩን ለሌላ ሰው ሲያቀብሉት ተሰማ።

"እታለም" አለ ስመኘው። "ሰምቼሻለሁ። ያጠገቤን ሰው ይዤው ነበር። አመለጠኝ።"

ጠባቂዎቹ እስኪመሽ ፈለጉ። አንደኛውን በሕይወት አገኙት። ሌላውን አላገኙትም፤ ስሙንም በመርከቡ ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።