የዓለምወርቅ ጭራቅ የሆነች ጊዜ

ሳሌም ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመችና፣ «እማዬ፣ ጭራቅ ትሰፊልኛለሽ?» አለች።

የዓለምወርቅ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እያዞረች ነበር።

«ቁመቱ ምን ያህል ነው?» አለች።

እንዲህ ነበረች። ቀጨኔ ውስጥ ስትሰፋ ያረጀች ሴት ናት፤ ለሙሽራ ሰፍታለች፣ ለዲያቆን ሰፍታለች፣ አንድ ጊዜ ብርድ ለሚያመው ውሻም ካፖርት ሰፍታለች። ለምን ብላ አትጠይቅም። ልኩን ነው የምትጠይቀው።

ሳሌም ብቸኛ ልጇ ነች። አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ታደርጋለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ሙሽራ ስታሽሞነሙን ትውልና ቤቷ ስትገባ የምትከፍተው የጭራቅ ፊልም ነው፤ በተለይ ርካሾቹን፣ ጭራቁ ዞር ሲል ዚፑ ከጀርባው የሚታየውን ዓይነት ትወዳለች። እናቷም ጨርቋን ይዛ አጠገቧ ትቀመጥና ከመነጽሯ በላይ ታያለች። ጭራቁ ሰው ሊውጥ አፉን ሲከፍት፣ «ብብቱ ላይ እኮ ተተርትሯል» ትላለች።

አሁን ሳሌም የራሷን ልትሠራ ነው። ስሙን «ባለ ቅርፊቱ» ብላዋለች። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ መቆረጥ ሰልችቶት አንድ ቀን እግር አውጥቶ ይነሣና ሰው እየበላ ወደ ከተማ ይወርዳል። ታሪኩ ይኼው ነው።

«ያስቃል» አለች የዓለምወርቅ።

«አያስቅም! እማዬ፣ ይኼ የሚያስፈራ ፊልም ነው።»

«እሺ፣ ያስፈራል» አለችና የልክ ሜትሯን አነሣች።

ጭራቁን የሚጫወተው ዳኜ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ሥጋ ቤት የሚሠራ፣ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው። የዓለምወርቅ ወንበር ላይ ወጥታ ለካችው። ከዚያ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ጠፋ። ከእንጦጦ በማዳበሪያ የመጣ የባሕር ዛፍ ቅርፊት፣ ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ስፖንጅ፣ ለጥርስ የተቆረጠ ነጭ ጀሪካን፣ ለዓይን ሁለት የባጃጅ የኋላ መብራት። ቅርፊቱን አንድ በአንድ ጆንያ ላይ ስትሰፋ ጣቷን እየወጋት አንድም ቀን አላማረረችም። ሲያልቅ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ ግቢው ውስጥ የሚከራየውን ቤት ሊያይ የመጣ አንድ ሰው አይቶት ሰላምታውን ሳይጨርስ ወጣ። ሳሌም እናቷን አቅፋ ሳመቻት።

ቀረጻው ረቡዕ ሆነ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው፤ ስቱዲዮውም ካሜራውን ለሳሌም ያዋሳት ለዚያች ቀን ብቻ ነው። ካሜራ ያዡ አማን ነበር፣ የሳሌም የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ አባቱ ሩፋኤል አካባቢ የጨርቅ ሱቅ ያለው። የዓለምወርቅም የሚቀደድ ነገር ቢኖር ብላ መርፌና ክሯን ይዛ ተከተለቻቸው። ጠዋት እንጦጦ ላይ ጭጋጉ ገና ዛፎቹ መሀል ነበርና፣ ሳሌም «ለዚህ ጭጋግ ስንት ይከፈል ነበር!» እያለች ትዘላለች።

ዳኜ ልብሱን ለበሰ። እጁም እግሩም ልክ ነው። ጭንቅላቱን ሲያጠልቁለት ግን ከውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«አውጡኝ።»

«ምን ሆንክ?»

«አውጡኝ አልኩ! ትንፋሼ!»

ያን የሚያህል ሰው፣ በሬ ተሸክሞ የሚያወርድ ነው፤ ጨለማና ጠባብ ነገር እንደሚያስጨንቀው ግን ማንም አያውቅም፤ እሱም ራሱ አያውቅም ነበር። ሲያወልቁለት ፊቱ አመድ መስሏል። ሣሩ ላይ ተቀምጦ የዓለምወርቅ ውኃ አጠጣችው።

«ይቅርታ ሳሌም፣ በእግዜር... በቃ፣ አልችልም።»

«ምንም አይደል ዳኜ» አለች ሳሌም። አፏ ምንም አይደል ይበል እንጂ ፊቷ ሊያለቅስ ደርሷል። አማን እንዳይለብስ ካሜራውን የሚይዝ የለም። ሳሌም ራሷ እንዳትለብስ ሥራውን የሚመራ የለም። ሁሉም ጭራቁን አዩት፤ ጭራቁ ግንድ ተደግፎ ቆሟል።

የዓለምወርቅ ነጠላዋን አወለቀችና አጣጥፋ ድንጋይ ላይ አኖረች።

«እኔ ልልበሰው» አለች።

«እማዬ!»

«እኔ አይደለሁም የሰፋሁት? የት ጋ እንደሚይዝ አውቃለሁ። ዳኜ፣ አንተ ተበላ።»

ልብሱ ሰፋት፤ የተረፈውን ስፖንጅ ደረቷና ሆዷ ላይ ጠቀጠቁት። እግሩን ወደ ውስጥ አጥፋ በመርፌ ያዘችው። በዳኜ ቁመት ምክንያት ረጅም ሆኖ የተሰፋው ክንድ መሬት ሊነካ ደረሰ። በመጨረሻ ጭንቅላቱን አጠለቁላትና የባጃጁን መብራት አበሩ።

«አሁን ከዛፉ ኋላ ቀስ ብለሽ ወጥተሽ ትጮሂያለሽ» አለች ሳሌም።

እዚህ ላይ ችግር መጣ። የዓለምወርቅ መጮህ አትችልም። በዕድሜዋ ጮኻ አታውቅም። ገበያ ላይ እንኳ ዋጋ ሲያስወድዱባት ዝም ብላ ወደሚቀጥለው የምትሄድ፣ ለቅሶ ላይ አፏን በነጠላ ይዛ የምታለቅስ ሴት ናት። ከዛፉ ኋላ ወጣች፤ ጉልበቷ ስለሚያማት ወደ ግራ ዘመም እያለች፣ ረጅም ክንዶቿን እየጎተተች መጣችና፣ «ኧኽ» አለች። ጉሮሮዋን የምትጠርግ ይመስል ነበር።

አማን ሳቁን ሲያፍን ካሜራው ተንቀጠቀጠ።

«አማን!»

«እ... ማለቴ፣ ንፋስ ነው።»

ደገሙት። ዳኜ እንዲፈራ ተነግሮታል፤ ግን ጭራቁ ሊይዘው ሲመጣ መንገዱ ላይ የዛፍ ሥር ነበርና፣ «ቀስ ይበሉ እትዬ፣ እንዳይወድቁ» ብሎ እጇን ያዛት። ሳሌም ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

እንደገና ሲጀምሩ ነው ከላይ በቀጭኗ መንገድ እንጨት ተሸካሚዎቹ የመጡት። ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ወገባቸው በሸክም ጎብጦ ዓይናቸው መሬት መሬቱን ያያል። ሳሌምና አማን ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሆኑ አልታዩም። ፊት የነበረችው ቀና ስትል ያየችው አንድ ግዙፍ ሰው እየጮኸ መሬት ላይ ሲንፈራገጥና ከላዩ ላይ ቀይ ዓይን ያለው ባለ ቅርፊት ነገር ሲያጎነብስ ነው። ሁለቱ ሸክማቸውን ጥለው ሽቅብ ሮጡ። የፊተኛዋ ሸክሟን ጣለች እንጂ አልሮጠችም። ጌጤ ነው ስሟ። የምትመረኮዘውን ዱላ አነሣችና ወደ ጭራቁ መጣች።

«ልቀቀው! ልቀቀው አንተ የእርጉም ልጅ!»

ትከሻዋን አቀመሰቻት።

ያን ጊዜ ከየዓለምወርቅ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ተቀምጦ የነበረ ድምፅ ወጣ። ዛፉ ላይ የነበሩ ቁራዎች ሁሉ ተነሡ።

«ኧረ በመድኃኔዓለም! ኧረ ሰው ነኝ! የቀጨኔ ሰው ነኝ!»

«ደግሞ ያወራል!» አለችና ጌጤ ሁለተኛ ደገመቻት።

ዳኜ ዘሎ ዱላውን ያዘ። ሳሌም እየጮኸች ከቁጥቋጦው ወጣች። የጭራቁ ጭንቅላት ተንከባለለና ከሥሩ ሻሽ ያሰረች፣ ላብ ያጠመቃት ሴትዮ ብቅ አለች። ጌጤ አየቻት። አፏን ያዘች። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ወይኔ እናቴ! ሰው መታሁ! ምን ሆነሽ ነው እዚህ ውስጥ የገባሽው?»

«ለልጄ ብዬ ነው» አለች የዓለምወርቅ።

ጌጤ አሰላሰለችው። «እንግዲህ ለልጅ ከሆነ...» አለችና መሳቅ ጀመረች። የዓለምወርቅም ትከሻዋን እያሸች ሳቀች፤ ሁለቱ ተደጋግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳሌም እናቷን እየዳበሰች ተሰበረ፣ አልተሰበረም ትላለች። ስፖንጁ አድኗታል፤ ቢጠቁርም አልተሰበረም። አማን ብቻ ካለበት አልተነሣም። ካሜራውን አላጠፋም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሳሌም ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ ያንን ትዕይንት ደጋግማ አየችው። የሚያስፈራ ፊልም ልትሠራ ነበር። እጇ ላይ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው፣ ሰው ሊበላ ሄዶ በአሮጊት ዱላ የሚመታ፣ ሲጨንቀው መድኃኔዓለምን የሚጠራ ጭራቅ። መጀመሪያ ተናደደች። በኋላ ሳቀች፤ ሳቋን ሰምታ እናቷ መጣች።

«ይኼማ አይወጣም» አለች የዓለምወርቅ አይታ። «የመድኃኔዓለምን ስም ጭራቅ አፍ ውስጥ? ይቅር ልጄ፣ ቁረጪው።»

«እማዬ፣ ከፊልሙ ሁሉ ጥሩው እሱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሳሌም ብዙ አልተከራከረችም። «እሺ፣ ይቆረጣል» አለች። የዓለምወርቅን ያስጨነቃትም ይኸው ነው፤ ብትከራከር ይሻላት ነበር። ልጇ ያለ ክርክር እሺ ብላ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ ስታዞር ጀርባዋን አይታ እንቅልፍ አጣች። በማግሥቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች።

«አባ፣ ጭራቅ ሆንኩ» አለች።

ሽማግሌው ቄስ አዩዋት። «ማንን በላሽ?»

«ዳኜን። ለፊልም ነው።» ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቅርፊቱን፣ ዱላውን፣ ጩኸቱን።

አባ ጢማቸውን እየጎተቱ ሰሟት። የጢማቸው ጫፍ ሲንቀጠቀጥ አየችና ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

«ስሙን የጠራሽው ልትቀልጂ ነው ወይስ ጨንቆሽ?»

«ኧረ ጨንቆኝ ነው አባ፣ የምትገድለኝ መስሎኝ!»

«እንግዲያማ ጸሎት ነው፤ ምኑ ይቆረጣል?» አሉ። ልትሳለም ስታጎነብስ ደግሞ፣ «ጭራቁም ቢሆን መድኃኔዓለምን ከጠራ የቀረው ክርስትና መነሣት ብቻ ነው» አሏት።

ፊልሙ የታየው እሑድ ከሰዓት በእድሩ አዳራሽ ነው። በር መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው፣ ግድግዳው ላይ የዓለምወርቅ የሰፋችውን ነጭ አቡጀዲ ወጠሩ። ለለቅሶ ድንኳን የሚወጡት አግዳሚዎች ሁሉ ሞሉ። ጌጤ ከእንጦጦ ወርዳ መጣች፤ አዲስ ሻሽ አስራለች። የዓለምወርቅ ከኋላ በሩ አጠገብ ጎትታ አስቀመጠቻት፤ ቢያስፈልግ ለመሸሽም እንዲመች።

ፊልሙ ጀመረ። ጭጋጉ መጣ፣ ቀይ ዓይኖቹ ቦግ አሉ፣ አንዲት ሴት «በስመ አብ!» አለች። ሳሌም ከፊት ሆና አንገቷን ቀብራ ታዳምጣለች። ከዚያ ጭራቁ ዘመም እያለ ወጥቶ «ኧኽ» ሲል አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ዳኜ «ቀስ ይበሉ እትዬ» ሲል አግዳሚዎቹ ተንቀጠቀጡ። ዱላው ሲያርፍና ያ ድምፅ አዳራሹን ሲሞላው ማንም የቀጠለውን አልሰማም። ሰው ተነሥቶ ያጨበጭባል። የእድሩ ዳኛ፣ ቀልድ የማይወዱት ሰውዬ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «ይደገም! ይደገም!» ተባለና አማን ወደ ኋላ መልሶ ደገመው።

የዓለምወርቅ ፊቷን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ ነበር። ቀስ ብላ በአንድ ዓይኗ አየች። ያንን የሚጮኸውን ነገር አላወቀችውም፤ ወዲያው ደግሞ ወደደችው። ፊት ለፊት፣ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ፣ ሳሌም አግዳሚ ላይ ቆማ እየፈለገቻት ነው። ስታያት ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ፊቷ በሳቅም በእንባም ርሶ ነበር። ሰው ሁሉ ዞረ። መሸሻው በር አጠገቧ ነው፤ የዓለምወርቅ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች።

ሲወጡ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ዳኜን ሰዎች ከበው ሲበላ ምን እንደተሰማው ይጠይቁታል፤ እሱም በዝርዝር ያስረዳል። እናትና ልጅ ጌጤን ሊሸኙ ወደ ታክሲው አብረዋት ወጡ።

«ትከሻሽ ዳነ?» አለች ጌጤ።

«ዳነ። ሁለቴ እኮ ነው የመታሽኝ።»

ጌጤ ቆም ብላ አካባቢውን ቃኘች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔ ሰፈር ግን አምስቴ ነው ያልኩት። ቁመትሽንም ትንሽ ጨምሬበታለሁ። እንዳታጋልጪኝ።»

«ምን ያህል ጨመርሽ?» አለች የዓለምወርቅ።

ጌጤ እጇን ወደ መብራት እንጨቱ ጫፍ ዘረጋች።