ለፖሊስ የታሰበ ጥቆማ

ቅዳሜ የቡ በምትባለው ከተማ ገበያ ላይ አንድ ሳጅን በድምፅ ማጉያ ሲለፍፍ አረፈደ። «ብሉቱዛችሁን ክፈቱ! መልእክታችን ሲመጣ ተቀበሉ! ከማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የሚሰርቁትን የምታውቁ በዚያው ጻፉልን፤ ስማችሁ አይታወቅም!»

የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ዘለቀ ይህን ሲሰማ እጁን በላው። ትናንት ማለዳ ሽማግሌው ጎረቤቱ ሙሀጅር ጆንያ ተሸክመው በጓሮ ሹልክ ሲሉ አይቷቸዋል። «ወዴት ነው በጠዋቱ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ዘለቀ ግን መጠየቅ አይወድም፤ መጻፍ ይወዳል።

ከጨው ነጋዴዎቹ ጀርባ ቆሞ «ቡና የሚሰርቀው ሙሀጅር ነው፤ ትናንት በጆንያ ሲያሸሽ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ጻፈ። ስልኩ በአቅራቢያው ያሉትን ስልኮች ሲደረድር ሁለቱ በአንድ ዓይነት የፋብሪካ ስም ወጡ፤ ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ የያዘው አንድ ዓይነት ስልክ ነበር፣ ሳጅኑም ጭምር። ዘለቀ የላይኛውን ተጫነ። ሄደለት።

ብዙም ሳይቆይ ሙሀጅር ስልካቸውን ዘርግተው መጡ። «ያ ዘለቀ፣ ማሎ፣ እባክህ ይህን አንብብልኝ። ፖሊሱ ተቀበሉ ሲል ሰምቼ ተቀበልኩ።»

ሽማግሌው ቁርአን ያነባሉ እንጂ አማርኛ አያነቡም። ዘለቀ ስልኩን አየ፤ የገዛ ቃሉ ነው። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ቡናችሁን ጠብቁ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«ይህችስ? ከግብር ደረሰኜ ላይ አውቃታለሁ። ስሜ ናት።»

ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተው። «ቡና ሰርቀዋል ይላል። ትናንት በጆንያ ሲያሸሹ አይቻለሁ ያለ ሰው አለ» አላቸው። ማን እንደሆነ ግን አልተናገረም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አስተግፊሩላህ! የራሴን ቡና እኮ ነው! ሌባ ፈርቼ ልጄ ነጅላ ጋ ወሰድኩት። ምን በድዬው ይሆን ይሄ ሰው?» ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። «በል ለፖሊሱ አንተው ጻፍልኝ። ሙሀጅር ሌባ አይደለም በል። ምስክር ካሉ፣ አሥራ ሁለት ዓመት አጥር የተጋራኝ ዘለቀ አለ በል።»

«ጋሼ...» አለ ዘለቀ።

«ጻፍ እንጂ፣ ሳጅኑ ሳይሄድብን!»

ጻፈ። የራሱ ስም ላይ ሲደርስ እየጻፈ እያጠፋ ስልኩን በጣቱ ይደበድብ ጀመር። ሙሀጅር አዩትና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ተው ልጄ፣ ስለ እኔ ብለህ እንዲህ አትናደድ» አሉት።